ለ10/22 ጠመንጃዬ የገዛኋቸው ሁለት ነገሮች፦ የቶርክ ካቻቪቴና አንድ ብሎን

መጀመሪያ ፍርዱን ልናገርና ልገላገል። የቶርክ ካቻቪቴው፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል እየለካ የሚያጠብቀው፣ ይገዛ። ብሎኑ እንደ ሁኔታው ነው፤ የድሮው ብሎናችሁ ጭንቅላቱ ካልተበላ ገንዘቡን ለጥይት አውሉት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ።

ጠመንጃው ሩገር 10/22 ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢላማ መተኮሻ ሄዶ ይሄን ጠመንጃ ሳያይ የተመለሰ ሰው ዓይኑን ይታይ። ከ1964 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ነው። የሚጎርሰው ትንሿን .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ነው፤ መምቻው የቀለሁን መሃል ሳይሆን ጠርዙን የሚመታባት ዓይነት። ድምጿ ትንሽ፣ ግፊቷ ትንሽ፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ጥይቶች አንጻር ትንሽ ናት። እኔ የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሲመቸኝ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ወዳለው መተኮሻ እሄዳለሁ። ለእሱም ለእኔም ኪስ የምትስማማው ይህችው ናት።

የእኔ 10/22 ያገለገለ ነው። የእንጨት አካል ያለው ተራው ካርባይን፣ አጠር ያለው ዓይነት። የድሮው ባለቤት ከቨርጂኒያ ወደዚህ ሲዛወር ይዞት መጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ሸጠልኝ። ሲያስረክበኝ "ብሎኑን ጥርቅም አድርጌ አጥብቄዋለሁ፣ አትነካካው" አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ ነው እጄ የሚበላኝ።

ስለ ብሎኑ ትንሽ ላስረዳ። 10/22ን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው በዋናነት አንድ ብሎን ነው። ከካርታው (ጥይቶቹ ከሚሞሉበት ሣጥን) ፊት ለፊት ከሥር በኩል ይገባል፣ እንጨቱን አልፎ አክሽኑን ይይዛል። አክሽን የምለው ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበትን ዋናውን የብረት ክፍል ነው። ወደ ፊት ደግሞ አፈሙዙንና እንጨቱን አብራ የምታቅፍ ቀለበት አለች፤ እሷም የራሷ ትንሽ ብሎን አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌሎች .22ቶች፣ በተለይ ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚቀባበሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከፊትና ከኋላ ሁለት ብሎን አላቸው። እዚህ ግን ሸክሙ ያለው በአንዱ ላይ ነው።

ያ ብሎን ከላላ አክሽኑ በእንጨቱ ውስጥ ይላወሳል። በተተኮሰ ቁጥር ተመልሶ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል፣ ጥይቱም እንደዚያው ይበታተናል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ እንጨቱን ይጨፈልቃል። ከዚያ የባሰም አለ። የ10/22 አክሽን የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው። የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ፊሌቶ፣ ማለትም በብሎን ጥርስ፣ ውስጥ በጉልበት ሲጠመዘዝ ማን እንደሚሸነፍ ጋራዥ የሠራ ሰው አይጠፋውም።

ጋራዥ ሠርቻለሁ። ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ በልጅነቴ። አለቃችን ቶርክ የሚለካ መፍቻ ሲያዩ ይስቁ ነበር። "የእኔ እጅ ሚዛን ነው" ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ የቴስታታ ብሎን ሲያጠብቁ ስህተት አላየሁባቸውም። ግን እሳቸው የለመዱት ረጅም እጀታና ወፍራም ብሎን ነው። የመኪና ጎማ ዳዶ 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃል። የዚህ ጠመንጃ ብሎን ግን ሁለት ኒውተን ሜትር እንኳን አይሞላም። በዚያ ደረጃ እጅ ይዋሻል። ጠዋት ትኩስ ሆኖ ያጠበቀና ማታ ከሥራ ደክሞት ተመልሶ ያጠበቀ እጅ አንድ አይደለም። የካቻቪቴው እጀታ ወፍራምና ቀጭን መሆኑ ብቻ ነገሩን ይቀይረዋል።

የኮሎራዶ አየር ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ የመጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያማርረው ከንፈሩ መሰነጣጠቁን ነው። እንጨትም አይቀርለትም። ቨርጂኒያ የበጋው እርጥበት ያበጠው እንጨት እዚህ ሲደርስ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። እዚያ ጥብቅ ያለው ብሎን እዚህ ማንም ሳይነካው ይላላል። ሰውየው "ጥርቅም አድርጌዋለሁ" ያለኝ ውሸቱን አይደለም። ሲያጠብቀው ጠብቆ ነበር።

ብሎኑን ሳየው ጭንቅላቱ አለቀሰብኝ። የፋብሪካው ብሎን ባለ አንድ መስመር ካቻቪቴ የሚገባበት ነው። የማይመጥን ካቻቪቴ፣ ምናልባትም የወጥ ቤት ቢላ፣ ሲሽከረከርበት ኖሮ መስመሩ በሁለቱም በኩል ተልጧል። ጠርዙ ጣት ይቧጭራል። ቀጥ ያለው መስመር ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የካቻቪቴው ጫፍ ነው። እቤት ያለው ተራ ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየሳሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚነካው የመስመሩን የላይኛውን ከንፈር ብቻ ነው። ጫን ሲሉት ሽቅብ ይወጣና ይዞት የመጣውን ይዞ ይሄዳል። ለጠመንጃ ተብሎ የሚሠራው ጫፍ ግን ጎኖቹ ትይዩ ሆነው የተሞረዱ ናቸው፣ መስመሩን እስከ ታች ይሞላሉ። የድሮው ባለቤት ያንን አንድ ጫፍ ቢገዛ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ በግማሽ ያጥር ነበር።

ስለዚህ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚገባበት፣ እኛ አለን የምንለው ዓይነት ብሎን አዘዝኩ። 15 ዶላር ገደማ። ስለ ሻጩ ስም አልናገርም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የላከልኝ ትክክል አልነበረም። ሥዕሉ ላይ "ለ10/22" ይላል። እቃው መጣ፣ ጥቁር ነው፣ ያምራል። ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ በካሊፐር ስለካው ረዘም ብሎ ተገኘ። ጭንቅላቱም የሚቀመጥባት ትንሽ የብረት ማረፊያ ላይ በደንብ አይገጥምም፤ በአንድ ጎኑ ይንጠለጠላል።

ርዝመት ቀልድ አይደለም። ብሎኑ ረዝሞ ጫፉ ቀድሞ የሆነ ነገር ከመታ፣ የቶርክ ካቻቪቴው "ሞልቷል" ብሎ ይነግራችኋል፤ እንጨቱ ግን ገና አልተያዘም። ቁጥሩ ትክክል፣ ሥራው ባዶ። በሁለት ብሎን በሚያዙት ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ የረዘመ የኋላ ብሎን ከሚንሸራተተው ማቀባበያ ጋር ሊነካካ ይችላል። ካጠረም በሁለት በሦስት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሎ አሉሚኒየሙን ይበላል። አዲስ ብሎን የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ርዝመቱን፣ የጭንቅላቱን ቅርጽና ፊሌቶውን ከአሮጌው ጋር ያስተያይ። ሻጩ ያለ ክርክር ቀይሮልኛል፣ ያንን አልክድም። ሁለተኛው ልኩ ሆኖ መጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኔ ብሎን ቁልፉ 5/32 ኢንች ነው። ያ 3.97 ሚሊሜትር ነው። ከቤት ያለችው 4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ "ልትገባ ነው" ብላ ታጓጓችኋለች። አንዳንዷ ትገባለች፣ አንዳንዷ አትገባም። በመዶሻ አታባብሏት። በሚሊሜትር ላደግን ሰዎች የዚህ አገር ኢንች መቼም የማያልቅ ፈተና ነው፣ ግን ትክክለኛው ጫፍ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እቃ። የገዛሁት የዊለር ፋት ሬንች የሚባለውን ነው፣ ባለ ባትሪውን ሳይሆን ተራውን። በገዛሁበት ጊዜ 60 ዶላር አካባቢ ነበር። ወፍራም ካቻቪቴ ይመስላል። ማስተካከያውን እያዞራችሁ የምትፈልጉት ቁጥር ላይ ታቆሙታላችሁ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ካቻቪቴ ታጠብቃላችሁ። ልኩ ላይ ሲደርስ ውስጡ "ቀጭ" ብሎ ይለቃል፤ በዚያች ዙር ከዚያ በላይ ኃይሉ ወደ ብሎኑ አይሄድም። የሚለካው በኢንች ፓውንድ ነው፣ ከ10 እስከ 65። ኢንች ፓውንድ የሚለውን ቃል በደንብ አንብቡት። የመኪና ቶርክ መፍቻ ላይ የተጻፈው ፉት ፓውንድ ነው፤ አንዱ ፉት ፓውንድ 12 ኢንች ፓውንድ ማለት ነው። 15 የሚለውን አይቶ በመኪና መፍቻ 15 ያደረገ ሰው ጠመንጃውን ሳይሆን ቦርሳውን ነው የሰበረው። በእኛው ልማድ ለማሰብ ለሚፈልግ፣ 15 ኢንች ፓውንድ 1.7 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

አገጣጠሙን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እቃው ጥሩ የሚሆነው አገጣጠሙ ጥሩ ሲሆን ነው። ካርታው ይውጣ። ማቀባበያው ተስቦ ውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይታይ። ጥይት ከጠረጴዛው ላይ ብቻ ሳይሆን ከክፍሉም ይውጣ። ከዚያ የፊት ቀለበቷን ማላላትና ማውጣት። ቀጥሎ ዋናው ብሎን። አክሽኑን ከእንጨቱ ስታወጡ እምቢ ካላችሁ አትታገሉት፤ የደህንነት ቁልፏን መሃል ላይ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትጨርስ አቁሟት። ያኔ ይወጣል። ይህችን ሳያውቅ እንጨቱን የሰነጠቀ ሰው አውቃለሁ።

ፊሌቶውን በአልኮልና በጥጥ አጸዳሁት። ደረቅ መሆን አለበት። ዘይት የነካው ብሎን በቀላሉ ስለሚሽከረከር፣ በዚያው ቁጥር ላይ ከደረቁ ይልቅ አብዝቶ ይጨምቃል። አንዳንዱ ሰው ብሎን እንዳይላላ የሚያጣብቀውን ሎክታይት ይቀባል። እኔ እዚህ ብሎን ላይ አልቀባም፤ ለጽዳት የሚፈታ ነገር ነውና። ለማነጣጠሪያው መነጽር ማስቀመጫ ሰማያዊውን እጠቀማለሁ። ቀዩን ለጠመንጃ አታስቡት፣ በኋላ በእሳት ካልሆነ አይፈታም።

ከዚያ ጠመንጃውን ገልብጬ ፎጣ በጠቀለልኩበት ሞርሳ ላይ በስሱ አስያዝኩት። አዲሱን ብሎን በጣቴ አስገባሁ። እዚህ ላይ የሶማሌ ተራዋ ዘዴ ትረዳለች፦ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ብሎኑ ጠብ ሲል በጣታችሁ ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ፊት። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ከሄደ ፊሌቶው ቀጥ ብሎ ገብቷል። መሃል ላይ ከያዘ ማውጣትና እንደገና መጀመር። በካቻቪቴ "ትንሽ ልርዳው" ያለ ሰው ነው አሉሚኒየሙን የሚያርሰው።

ብሎኑ ማረፊያው ላይ ሲደርስ የቶርክ ካቻቪቴው ይምጣ። ጫፉ ቁልፉ ውስጥ እስከ ታች ይግባ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በዝግታ ይዙር። አንድ ጊዜ "ቀጭ" ሲል በቃ። ለእርግጠኝነት ብሎ ሦስት አራቴ የሚያስጮኸው ሰው አለ፤ በእያንዳንዷ ጩኸት ትንሽ ትንሽ እየጨመረ መሆኑን አያውቅም። የፊት ቀለበቷን መጨረሻ ላይ፣ በስሱ። እሷ ከጠበቀች አፈሙዙን ወደ እንጨቱ ትጎትታለች።

በመጨረሻ ከብሎኑ ጭንቅላት ወደ ማረፊያው የምትዘልቅ ቀጭን መስመር በኩቴክስ አሰመርኩ። ኩቴክሱ የባለቤቴ ነው፣ ቀይ። ብሎኑ ፈቀቅ ካለ መስመሯ ትሰበራለች፣ በዓይን ይታያል። ከዚህ ሁሉ እቃ የማይከፈልበት እሱ ነው። ባለቤቴ ግን በዚህ አትስማማም።

ስንት ላይ ይጥበቅ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጨቃጨቀው። ለእንጨት አካል ላለው 10/22 አንዱ 10 ይላል፣ ሌላው 15፣ ሌላው ወደ 20 ይጠጋል። እኔ 15 ላይ ጀመርኩ። ጥይቴን አልቀየርኩም፤ ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ፣ ባለ 40 ግሬኗ፣ ከአንድ ካርቶን። ርቀቱ 50 ያርድ፣ ጠመንጃው ከፊትም ከኋላም አሸዋ ከረጢት ላይ። ነፋስ የበዛበትን ቀን ሙከራ ብዬ አልቆጠርኩትም። ብሎኑ ሳይነካ በፊት ጥይቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተደርድረው እንደ መሰላል ይወጡ ነበር፣ የላይኛውና የታችኛው በሁለት ኢንች ይራራቃሉ። 15 ላይ መሰላሉ ጠፋ። ክምር ሆነ፣ ከኢንች ትንሽ ከፍ ያለ። 17 ላይ ትንሽ ጠበበ። 20 ላይ ተመልሶ መለጠጥ ጀመረ። 17 ላይ አቆምኩት። የእናንተ እንጨት የእኔ አይደለም፣ ስለዚህ 17ን እንደ ቅዱስ ቁጥር አትያዙት። በሁለት በሦስት ኢንች ፓውንድ እየጨመራችሁ ወረቀቱን ጠይቁት።

የእቃው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግድ የሚሰጠኝ 17 የሚለው በእርግጥ 17 ይሁን 18 ይሁን አይደለም። ለጽዳት ፈትቼ ስመልሰው እንዳለፈው ጊዜ መሆኑ ነው። ያንን ያደርጋል። ፈትቼ ገጥሜ ስተኩስ ጥይቱ የሚያርፈው ከበፊቱ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ መነጽሩን ትንሽ ነካ አድርጌ እጨርሳለሁ። በፊት ግን ካጸዳሁት በኋላ ግማሽ ሣጥን ጥይት እሱን በማስተካከል ይሄድብኝ ነበር።

እዚያው መተኮሻው ላይ አንድ የአገራችን ሰው፣ ጠና ያሉ፣ እቃዬን አይተው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ያ ነገር እስከ 65 ይሄዳል አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"በል ይቺን የእኔን .22 ጠመንጃ 65 ላይ አድርግልኝ። የአጋዘን ጠመንጃዬን የሠራልኝ ሰው 65 ነው ብሎኛል።"

"ጋሼ፣ የእሱ ሌላ ነው። ይቺ ትሰበርብዎታለች።"

"ታዲያ ለምን 65 ጻፉበት?"

ሳቅን። ግን ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። 65 ለትልልቅ፣ የብረት አክሽን ላላቸው፣ ብሎኑ በእንጨት ሳይሆን በብረት ላይ ለሚያርፍባቸው የአደን ጠመንጃዎች የሚነገር ቁጥር ነው። በእንጨት ላይ ለተቀመጠ የአሉሚኒየም .22 ያ ቁጥር ፍርድ ነው። የእሳቸውን 15 ላይ አድርጌላቸው "ላላ አይደል?" እያሉ ሄዱ።

ሌላ የምጠቀምበት? የመነጽር ቀለበቶች። ብዙ አምራቾች ለላይኛው ክዳን ብሎኖች ከ15 እስከ 20 አካባቢ ይላሉ፤ የመነጽራችሁን ወረቀት አንብቡ። በእጅ ግምት ጠብቆ ቱቦው የተጨመደደ መነጽር አይቻለሁ፣ ዋጋው ከዚህ ካቻቪቴ አምስት እጥፍ የሚሆን።

የማይሆንበትም አለ። ከ10 በታች አይወርድም፤ ጥቃቅን ብሎኖችን፣ የፊት ቀለበቷንም ጭምር፣ በእጅ ስሜት ነው የምሠራው። ኒውተን ሜትር የለመደ ሰው ስልኩን አውጥቶ ማስላት አለበት። ሥራ ስጨርስ ወደ 10 መልሼ ነው የማስቀምጠው፣ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ተጨምቆ እንዳይከርም። በጨለማ ወይም ያለ ዓይን መነጽር ለሚሠራ ቁጥሩ በትልቁ የሚታይበት ባለ ባትሪው ይሻለዋል። ለእኔ ግን ባትሪ የሌለው እቃ ይመቸኛል፤ ስፈልገው ሞቶ አላገኘውም።

አንድ ጠመንጃ ብቻ ያለው፣ በዓመት አንዴ የሚተኩስ ሰው መግዛት የለበትም። ከጓደኛ ይዋስ። ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው፣ መነጽር የሚቀያይር፣ ለጽዳት ደጋግሞ የሚፈታ ሰው ግን አያመንታ። ስለ ብሎኑ ደግሞ ወርቃማና ሰማያዊ እየተቀባ በውድ የሚሸጠውን እለፉት፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ማን ያየዋል?

አሮጌውን ብሎን ግን አትጣሉ። ጭንቅላቱ ቢበላም በፕላስቲክ አድርጋችሁ ከጠመንጃው ወረቀት ጋር አስቀምጡት። አንድ ቀን ስትሸጡት ገዢው "ኦሪጅናሉስ?" ማለቱ አይቀርም።